ስም ብቻ ወይስ 40 ነጥብ

ስለ አርፒጂ ጌሞች (ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚያሳድግባቸው ጨዋታዎች) ወሬ ሲነሳ «የጃፓኑ ታሪክ አለው፣ የምዕራቡ ነፃነት አለው» ይባላል። ሐሰት ነው ባልልም አያረካኝም። ልዩነቱ ታሪኩ ሳይጀመር፣ ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይታያል። ለዚህም ከ1986ቱ የጃፓን ድራጎን ክዌስትና ከ1997ቱ የአሜሪካ ፎልአውት የተሻለ ማነጻጸሪያ የለኝም።

ፎልአውት ሲጀመር የሚቀድመው ሰንጠረዥ ነው። ጉልበት፣ ማስተዋል፣ ጽናት፣ ግርማ፣ ብልህነት፣ ቅልጥፍና፣ ዕድል። ሰባቱም 5 ላይ ይቆማሉ፤ በላያቸው እንደ ፍላጎት የሚታደሉ 5 ነጥቦች አሉ፤ ድምሩ 40። ቀጥሎ ከ18 ችሎታዎች ሦስቱ ይመረጣሉ። የተመረጡት ወዲያው 20 በመቶ ይጨምራሉ፤ ከዚያ በኋላም በአንድ ነጥብ ሁለት ሁለት ያድጋሉ።

ጣጣው ያለው ቁጥሮቹ ውስጥ ነው። ቅልጥፍናን እንውሰድ። ውጊያው በተራ ነው፤ በአንድ ተራ የሚገኘው የእንቅስቃሴ ነጥብ 5 ሲደመር የቅልጥፍና ግማሽ ነው፤ ሽርፍራፊው ይጣላል። ስለዚህ ቅልጥፍናው 10 የሆነ 10 ነጥብ ያገኛል፤ 9 የሆነ ግን 9 ብቻ፣ ልክ እንደ ባለ 8ቱ። በ10 ሚሊሜትር ሽጉጥ አንድ ጊዜ መተኮስ 5 ነጥብ ይበላል። ባለ 10ሩ በየተራው ሁለቴ ይተኩሳል፤ ባለ 9ኙ አንዴ ተኩሶ ሁለተኛ ጥይት የማትገዛ 4 ነጥብ ይዞ ይቀራል። በአንድ ነጥብ ልዩነት የተኩስ አቅም እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን ይህን የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በከባድና በጨረር መሣሪያዎች ላይ ነው። ስማቸው ስለሚያጓጓ ከሦስቱ ምርጫ ሁለቱን ይወስዳሉ፤ መሣሪያዎቹ የሚገኙት ግን ዘግይተው ነው፣ እስከዚያ ድረስ እጅ ላይ ያለው ሽጉጥ ነው። ለሁሉም ችሎታ ትንሽ ትንሽ ያካፈለም ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል፤ ቁልፍ አይከፍት፣ ዒላማ አይመታ። ብልህነትን ከ4 በታች ያወረደ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ ወግ ያለው ዐረፍተ ነገር መናገር ይሳነዋል፤ ሰዎቹም መልሳቸውን ይለውጣሉ። «ቆይ ልጠንክር» ብሎ መንከራተትም አያዛልቅም፤ ተጫዋቹ እንዲያመጣ የተላከው፣ የመጠለያውን ውኃ የሚያጣራው ቺፕ መገኘት ያለበት በ150 ቀን ውስጥ ነው።

ድራጎን ክዌስት የሚጠይቀው ስም ብቻ ነው። የጃፓኑ ቅጂ የሚቀበለው አራት ፊደል ነው፤ ሳይናገርም የጀግናውን ዕድገት በዚያ ስም ይወስናል። ከዚያ ንጉሡ፣ ሦስት ሣጥን፣ 120 ወርቅ፣ ከዚያም ሜዳው። የመጀመሪያው ስላይም (ደካማው ጠላት) 1 የልምድ ነጥብ ይሰጣል፤ ሌቬል 2 ለመድረስ 7 ያስፈልጋል። ድልድይ በተሻገሩ ቁጥር ጠላት ይበረታል። የሞተ ንጉሡ ፊት ይነቃል፣ ግማሽ ወርቁ ይወሰዳል፣ የልምድ ነጥቡ ግን አይነካም። ዘዴው ድልድይ ከመሻገር በፊት ወርቁን በመሣሪያና በጋሻ መጨረስ ነው። እዚህ መሸነፍ ጊዜ ያስከፍላል እንጂ ጀግናውን አያበላሽም፤ የፎልአውት ስህተት ግን እስከ መጨረሻው አብሮ ይዘልቃል።

ሁለቱም ግንዳቸው አንድ መሆኑ ነው እኔን የሚደንቀኝ። በ1974 ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በወረቀትና በዳይስ ጀመረ፤ በ1981 ዊዛርድሪና አልቲማ ወደ አሜሪካ ኮምፒውተሮች አመጡት። የድራጎን ክዌስት ፈጣሪ ዩጂ ሆሪ ውጊያውን ከዊዛርድሪ፣ ከላይ የሚታየውን ካርታ ከአልቲማ ወሰደ። ጌሙ የተሠራለት የኒንቴንዶ መጫወቻ ፋሚኮም ግን ኪቦርድ የለውም፤ በዋናነት የአቅጣጫ መስቀሉና ሁለት ቁልፎች ናቸው። ስለዚህ ስሌቱን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ደበቀው። ጨዋታን ለማስቀመጥ እንኳ ንጉሡ 20 ፊደል ይናገራል፣ ተጫዋቹ በእጁ ይጽፋል፤ አንዷን ከሳተ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በባትሪ ማስቀመጥ የመጣው በ1988 ከሦስተኛው ክፍል ጋር ነው።

ለዚህ ነው የአገር ስም እንደ መለያ የማይመቸኝ። የፋይናል ፋንታሲ 16 ፕሮዲውሰር ናኦኪ ዮሺዳ በ2023 «ጄአርፒጂ» (የጃፓን አርፒጂ) የሚለው ቃል አንዳንድ ጃፓናውያን ሠሪዎችን ያስከፋ እንደነበር ተናግሯል፤ እውነት አለው ብዬ አምናለሁ። የ2011ዱ ዳርክ ሶልስ ጃፓን ተሠርቶ ቁጥር የሚያስቆጥር ጌም ነው፤ የታጠቁት ክብደት ከሚችሉት ሩብ ካለፈ ከምት የሚያስመልጠው ፈጣኑ መንከባለል ይቀራል፣ ከግማሽ ካለፈ ደግሞ መንከባለሉ ራሱ ከባድ ይሆናል። በ2025 የወጣው ኤክስፔዲሽን 33 የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ ውጊያው ግን በተራ፣ ከሜኑ እየተመረጠ ነው።

መጨረሻቸውን ሳስብ ግን ልዩነቱ እንደገና ጎልቶ ይታየኛል። የድራጎን ክዌስቱ ዘንዶ ጌታ «ከእኔ ጋር ብትሆን የዓለምን ግማሽ እሰጥሃለሁ» ይላል። «አዎ» ያለ ጨዋታው እዚያው አበቃበት። ልዕልቲቱም አብራው ለመሄድ ስትጠይቅ «አይ» ብትባል፣ «አዎ» እስክትባል ያንኑ ትደግማለች። ጀግናው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ያንን ሆኖ መገኘት ብቻ ነው የሚጠበቀው። የፎልአውቱ የመጨረሻ ጠላት ማስተር የሰውን ዘር ሁሉ ወደ ሚውታንት (ተፈጥሮው የተለወጠ ፍጡር) ሊለውጥ ያቀደ ነው፤ ሚውታንቶቹ መካን መሆናቸውን የሚያሳየውን ዲስክ ይዞ የቀረበና አንደበቱን ያሳደገ ተጫዋች አንድ ጥይት ሳይተኩስ ያሳምነዋል። ማስተሩም ሥራው ሁሉ ከንቱ እንደነበር ተረድቶ ራሱን ያጠፋል። ንግግርን ቸል ብሎ ሦስቱንም ምርጫ በመሣሪያ የጨረሰ ይህችን ትዕይንት ሳያያት ሊያልፍ ይችላል።