ዳግም ከተወለድኩ በኋላ ማንም ያልነገረኝ

ጌታን የተቀበልኩበትን ቀን ታሪክ አላረዝመውም። የተሰበከው ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ነበር፤ ተንበርክኬ ንስሐ ገባሁ፣ አለቀስኩ፣ ቀልሎኝ ተነሣሁ። የደቀ መዝሙርነት ትምህርቱን ተከታትዬ ጨረስኩ፣ ተጠመቅሁ። ከዚህ ሁሉ የምጸጸትበት አንድም ነገር የለም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት እምነቴን ጥዬ ልወጣ ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ባልተሰቃየሁ።

በአራተኛው ወር የጸሎት ቡድን መሪ አደረጉኝ። «እሳት አለብህ፤ እሳት ያለበት ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም» አሉኝ። መመረጤ አኮራኝ፤ ይህንን አልደብቅም። ጳውሎስ ስለ ኤጲስ ቆጶስ ሲጽፍ በትዕቢት እንዳይነፋ አዲስ ክርስቲያን አይሁን ብሎ ማስጠንቀቁን (1ኛ ጢሞ. 3፥6) ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። የሾሙኝ ሰዎች ግን ያንን ጥቅስ ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት ያውቁታል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የጸሎት ቡድን መምራት ኤጲስ ቆጶስነት አይደለም ይሉኝ ይሆናል፤ ሥር ሳይሰድዱ ፊት መቆም ግን አደጋው ያው ነው።

በስድስተኛው ወር ደረቅሁ። ያጠፋሁት የተለየ ጥፋት አልነበረም፤ የደረሰብኝም ነገር የለም። መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ፊደል ብቻ አያለሁ፤ ጸሎቴ ከጣሪያው አያልፍም። ያን ጊዜ ትንሽ ደብተር አዘጋጀሁ። በየማታው ከጸሎት በኋላ የእግዚአብሔር ህልውና ከተሰማኝ የመደመር ምልክት፣ ካልተሰማኝ ዜሮ እጽፋለሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ ዜሮ ሆነ፤ 41 ቀን በተከታታይ።

በእነዚያ ቀናት ሁሉ ቡድኑን መምራቴን አላቆምኩም። አንድ ማታ «አባት ሆይ፣ በፊትህ መሆን እንዴት ደስ ይላል» እያልኩ ስጸልይ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ የእኔ አልነበረም፤ ከሌላ ሰው ጸሎት የቀዳሁት ነው። አጠገቤ ያለች እህት «አሜን፣ አሜን» እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ ውስጤ ባዶ ነው። ቤቴ ገብቼ ዜሮ ጻፍኩና ደብተሩን ከፍራሹ ሥር ደበቅሁት።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሄድኩ። ገልጦ እንኳ አላየውም። «የደበቅኸው ኃጢአት ምንድን ነው?» አለኝ። የማውቀውን ሁሉ ተናዘዝኩ። «ሌላስ?» አለ። የቀረኝን ጨመርኩ። «ሌላስ?» ሲለኝ የምናገረው ስላልነበረኝ አሳቤ ውስጥ ያለፈውን ሁሉ እየለቃቀምኩ መናዘዝ ጀመርኩ። በመጨረሻም ሦስት ቀን ጾሜ ጌታን የመቀበሉን ጸሎት እንደ አዲስ እንድጸልይ አዘዘኝ። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ወዲያ ያንን ጸሎት ማታ ማታ ብቻዬን እደጋግመው ጀመር፤ ምናልባት የመጀመሪያው አልያዘ ይሆናል እያልኩ።

የተደበቀ ኃጢአት ነፍስን ያደርቃል፤ መዝሙር 32 ይህንኑ ይናገራልና አልክድም። ነገር ግን መዝሙር 88ም (በአንዳንድ እትሞች 87) እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ጸሐፊው የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ይጀምርና በጨለማ ይጨርሳል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ሌሎቹ መዝሙራት ወደ ምስጋና አይዞርም። ያ ሽማግሌ «ሌላስ?» ከማለት ይልቅ ይህን መዝሙር ከፍቶ አብሮኝ ቢያነብ ምን ነበረበት?

የንባብ ዕቅዱም ሌላ ሸክም ሆነብኝ። ለአዲስ አማኝ መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ጨርስ ብለው ይሰጡታል። 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፎች ናቸው፤ በቀን ሦስት አራት ምዕራፍ ማለት ነው። ዘሌዋውያን ላይ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ያላነበብኩት እያንዳንዱ ቀን እንደ ዕዳ ይቆጠርብኝ ነበር። ዕቅዱን የሚያከብሩ ሰዎች ይቆጡኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አትጀምሩት እላለሁ። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። እሱን ደጋግማችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ዮሐንስን ቀስ ብላችሁ።

እኔን ያዳነኝ በዚህ መንገድ ዮሐንስን ማንበቤ ነው። ስለ ዳግም መወለድ በቀጥታ የተነገረው ኒቆዲሞስ በዚያ ወንጌል ሦስት ጊዜ ይመጣል። ምዕራፍ 3 ላይ በሌሊት ይመጣና «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ካለ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። በዚያች ሌሊት አመነ አላመነ፣ አለቀሰ አላለቀሰ፣ አንድ ቃል አልተጻፈም። ምዕራፍ 7 ላይ በሸንጎው መካከል ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳልን ብሎ አንዲት ነገር ይናገራል፤ ወዲያው አንተም ከገሊላ ነህን ይሉታል። ምዕራፍ 19 ላይ፣ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት፣ መቶ ንጥር (ሠላሳ ኪሎ ገደማ) የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ተሸክሞ የተሰቀለውን ሊቀብር ይመጣል። ዮሐንስ ይህ ሰው ምን እንደተሰማው አንድም ቦታ አይነግረንም፤ የሚነግረን ያደረገውን ነው። «ዳግመኛ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል «ከላይ» ማለትም ይሆናል። ከላይ የሚሆነውን ልደት እኔ ማታ ማታ በራሴ አፍ ልወልደው ስታገል ከርሜያለሁ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ደብተሩን አውጥቼ ቀኖቹን አየሁ። ሠላሳ ሦስተኛው ዜሮ ላይ ዓይኔ ቆመ፤ ቀኑን አስታወስኩት። ሥራ ቦታ እኔ ባሳሳትኩት ሒሳብ አንድ ባልደረባዬ ተወቅሶ ዝም ብዬ ነበር። በፊት ቢሆን እንቅልፌን እለጥጥ ነበር። ያን ሌሊት ግን ስገላበጥ አነጋሁ፤ ጠዋት አለቃችን ዘንድ ገብቼ «ስሕተቱ የእኔ ነው» አልኩ፤ ከዚያም ባልደረባዬን በሰዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያኛው መንቀጥቀጥ የእኔ ነው። ማታ ጸልዬ ምንም ስላልተሰማኝ ሠላሳ አራተኛውን ዜሮ ጻፍኩ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት መድረክ ሲሰጧችሁ እንቢ በሉ፤ ወንበር ማስተካከልና አዳራሽ መጥረግ ይበቃል። የመቀበልን ጸሎት አትደጋግሙ። ልጅ ሲያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ ተመልሶ አይወለድም፤ በኃጢአታችን ብንናዘዝ ይቅር ይለናል የሚለው 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 የተጻፈው ለዚሁ ነው። ድርቀታችሁን የምትነግሩት ሰው ምረጡ፤ ከጥያቄው በፊት አብሯችሁ የሚጸልይ ይሁን።

መሪነቱን ለቀቅሁ። «ቀዝቅዘሃል» ተባልኩ፤ ያ ሽማግሌ አሁንም ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚመልሰው። በእኔ ቦታ ካመነ ሦስት ወር የሆነውን ወንድም አስቀመጡ። ባለፈው ሳምንት ሲጸልይ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁሉም ሲወጣ በር ላይ ጠበቅሁትና «አንተስ፣ እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ክብር ለጌታ፣ ደህና ነኝ» አለኝ ፈጥኖ።

ዝም ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።