ከኋላ የሚጮኸውና ከፊት የሚሻገረው

ሐሙስ ማታ

መኪና መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ የሚያውቁኝ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ «ፍርሃቱ ለቀቀሽ ወይ?» የሚል ነው። አዎ ብዬ አልፋለሁ፤ ሆኖም መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ዛሬ ማታ ረጋ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንቀጠቅጠኝ የነበረው ፍርሃት ከሁለት ወገን የሚመጣ ነበር። አንደኛው ከኋላዬ ክላክስ የሚያደርገውን ሹፌር መፍራት ሲሆን፣ ሌላው ከፊቴ የሚሻገረውን እግረኛ እንዳልጎዳ መፍራት ነው። የመጀመሪያው ለቆኛል፤ በመልቀቁም ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

መኖሪያዬ ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ለገሃር አካባቢ በመሆኑ፣ በየቀኑ የምመላለሰው በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በቸርችል ጎዳና በኩል ነው። ለዓመታት በታክሲ የተመላለስኩበት መንገድ ስለሆነ አብጥሬ አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። መሪ ስይዝ ግን ተሳፋሪ ሆኜ ልብ ያላልኩት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ብቅ አለ፤ የትኛው መጋጠሚያ ላይ መኪና ሳይታይ እንደሚወጣ፣ የትኛው ፌርማታ ላይ ሰው ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ አስፋልት ላይ ቆሞ ታክሲ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ዜብራ ቀለሙ ተፋቅቆ ከሩቅ እንደማይለይ መማር ነበረብኝ።

ጠዋት ቸርችልን ቁልቁል ስወርድ ብዙም አልጨነቅም። የሚፈትነው የማታው ሽቅብ ነው። መኪናዬ ባለ ማኑዋል ማርሽ አሮጌ ኮሮላ ናት፤ ከፖስታ ቤት አለፍ ብሎ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ሰልፍ መሐል መቆም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የቆመበት ሰው ነው። ቀኝ እግሬ ፍሬን ላይ፣ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፔዳል) ላይ፣ ቀኝ እጄ የእጅ ፍሬኑ ላይ ሆኖ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ በስፖኪዮ ሳየው ግንባሩ እንጂ መብራቱ እስከማይታየኝ ድረስ ተጠግቶ ይቆማል። ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ የሚልበት፣ የመኪናዋም ኮፈን በትንሹ ቀና የሚልበት አንድ ቅጽበት አለ፤ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ያለበት ልክ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከተለቀቀ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፤ እግር ከተቻኮለ ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል። ያን ቅጽበት ለመስማት ጆሮ ያስፈልጋል፤ ክላክሱ ግን መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ይጀምራል።

ያስተማሩኝ አሰልጣኝ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በጩኸቱ ተደናግጬ መሪውን ጨምድጄ ስይዝ አይተው፣ «ልጄ፣ ያ የሚጮኸው ሰው የሚያየው ያንቺን ጀርባ ብቻ ነው፤ ከፊትሽ ያለውን አያይም። ከፊት ያለውን የምታዪው አንቺ ነሽ፤ ታዲያ ማን ነው የሚወስነው?» አሉኝ። «እኔ» አላልኩም፤ ዝም ብዬ ቀስ ብዬ ተነሣሁ። ነገር ግን ከሁሉም ትምህርት ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ማጽናኛ ሳይሆን በቀጥታ እውነት ነው። ከኋላ ያለው ሹፌር ለምን እንደቆምኩ ሊያውቅ አይችልም። ሽማግሌ እየተሻገሩ ይሁን፣ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ገብቶ ይሁን፣ የሚታየው የኔ የፍሬን መብራት ብቻ ነው። ባላየው ነገር ላይ የሚሰጠውን ትእዛዝ ተቀብዬ እግሬን ከፍሬን ላይ ባነሣ፣ ለሚደርሰው ነገር ተጠያቂዋ እኔ እንጂ እሱ አይደለም።

እኔ እንደማምነው ጀማሪን ለአደጋ የሚያጋልጠው የመንዳት ችሎታው ማነስ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው ችኮላ የራሱ አድርጎ መውሰዱም ነው። ክፍተት ሳይኖር አደባባይ ውስጥ የሚገባው፣ ቢጫ መብራት ላይ የሚፈተለከው፣ እግረኛ እግሩን ዜብራ ላይ ካሳረፈ በኋላ የሚያልፈው ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደፋር አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ የፈራ ነው። የሚፈራው ግን የተሳሳተውን ነገር ነው። ለሴት ሹፌር ደግሞ «ሴት ናታ!» የሚለው ድምፅ ከመስኮት ሲወረወር ይጨመርበታል፤ አንዳንድ ሴቶች ይህን ላለመስማት ሲሉ ብቻ ማድረግ የማይገባቸውን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ሹፌሩ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ታይቶ አይደለም፤ ዳገቱም ያንን ለይቶ አያውቅም።

የመሐል አዲስ አበባ መንገድ ከምልክቱና ከመብራቱ ሌላ የእጅ ቋንቋ እንዳለው መረዳቴ ድፍረት ሰጥቶኛል። የሚኒባስ ረዳት በተንሸራታቹ በር በኩል ክንዱን አውጥቶ መዳፉን ወደ መሬት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያወዛውዝ «ቆይልኝ፣ ልገባ ነው» ማለቱ ነው፤ ፍሬቻ ባይበራም መኪናው ከዚያች እጅ ቀጥሎ መግባቱ አይቀርም። እግረኛ መዳፉን ወደኔ ዘርግቶ ሲሻገር «አየሽኝ?» እያለኝ ነው። እኔም መልስ እሰጣለሁ፤ እንዲያልፍ የምፈቅድለት መሆኔን ፍጥነቴን ቀድሜ በመቀነስ አሳየዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሥርዓት አልባነት ይመስለኝ የነበረው ነገር አብዛኛው ንግግር መሆኑ ሲገባኝ፣ ትከሻዬ ላላ፤ መሪውንም ጨምድጄ መያዝ ተውኩ። ይህን ስል ደንቡን መተላለፍን ማመስገኔ አይደለም። ፍሬቻ ማብራት የአንድ ጣት ሥራ ስለሆነ፣ የማያበራ ሹፌር ሁሉ ያናድደኛል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ያየሁት ነገር ነው ይህን ማስታወሻ ያስጻፈኝ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ አንድ ሚኒባስ ከዜብራው ጫፍ ላይ፣ በቀኝ ጠርዝ ቆሞ ሰው ያወርድ ነበር። ከቆመ ሚኒባስ አፍንጫ ሥር ሰው ሊወጣ እንደሚችል ስለማስብ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ፤ ግራ እጄን በመስኮት አውጥቼ መዳፌን ወደ ታች አወዛወዝኩ፤ ቆምኩ። እንደጠበቅኩትም አንዲት እናት ወጣች። በአንድ እጇ ቲማቲም የሞላበት ፌስታል፣ በሌላው የልጇን የእጅ አንጓ ይዛለች። ልጁ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔን ሳይሆን የመኪናዬን ጎማ እያየ ነበር የሚራመደው። ከኋላዬ ያለው ክላክሱን ተጭኖ አልለቅ አለ። ይህ አላስቸገረኝም። ያስደነገጠኝ በግራዬ ባለው መስመር የመጣው መኪና ነው፤ እኔ ለምን እንደቆምኩ ሳይጠይቅ በዚያው ፍጥነቱ አለፈ። እናትየው የመኪናዬን ግራ ጠርዝ ከማለፏ በፊት ቀና ብላ ስላየች፣ ልጁን በአንጓው ወደ ኋላ ሳበችው። ከፌስታሉ አንድ ቲማቲም ወድቆ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አንገቷን በምስጋና ሰበር አደረገችና ተሻገረች።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማስበው፣ ለእግረኛ መቆም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። የቆመ መኪና ለእግረኛ «ና» የሚል ጥሪ ነው፤ በጎኔ የሚመጣውን ግን እኔ በስፖኪዮ ሳየው፣ እግረኛው በኔ መኪና ስለተከለለ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ከእንግዲህ ስቆም ከዜብራው ራቅ ብዬ ልቆም፣ የአደጋ ጊዜ መብራቴን ላበራ፣ በግራ ስፖኪዮም የሚመጣ ካለ ለእግረኛው መዳፌን አንሥቼ «ቆዩ» ልል ወስኛለሁ። ዜብራ ላይ መኪና መቅደም የተከለከለበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ክልከላው ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ብቻ ተሸምድዶ የሚረሳ መሆኑ ግን ያሳስበኛል።

ስለ ፍጥነት ያለው ስሌት ቀላል ቢሆንም መኪና ውስጥ ተቀምጦ አይሰማም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ60 ደግሞ ወደ 17 ሜትር ገደማ። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ዛሬ በግራዬ ያለፈው መኪና ከልጁ የነበረው ርቀት 17 ሜትር አይሞላም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከሟቾቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች መሆናቸውን ገልጿል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ያ ልጅ በአንጓው ባይያዝ ኖሮ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ይገባ ነበር ብዬ ሳስብ እስካሁን ድረስ ሰውነቴን ይወረኛል።

በኮሪደር ልማቱ በዚህ አካባቢ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ለብስክሌት መስመር ተለይቷል፤ የማታውም መብራት ደምቋል። ይህ ለእግረኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በእግሬ ስሄድ እኔም እደሰትበታለሁ። አስፋልቱ ለስላሳና ብሩህ ሲሆን ግን እግር ሳይታወቀው ነዳጁን ይጫናል፤ ቀድሞ ጉድጓዱ ያስገድደን የነበረውን ዝግታ አሁን ራሳችን መምረጥ አለብን። የኤሌክትሪክ መኪኖች መብዛትም እንዲሁ ያሳስበኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ድምፅ አልባዎቹ በየቦታው አሉ፤ የአዲስ አበባ እግረኛ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ የሚሻገረው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ጭምር ነው። በተለይ ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን የሞተር ድምፅ ካልሰሙ መንገዱ ባዶ ነው ብለው ይወርዳሉ።

ጥንቃቄ ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ መዘግየት ማለት እንዳልሆነ ልጽፍ ይገባል፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል የሚሳሳቱ ጥንቁቅ ሰዎች ብዙ ናቸው። አደባባይ ውስጥ ከገቡ በኋላ ቅድሚያ የራስ ሆኖ ሳለ መሐል ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ መልቀቅ፣ ልታጠፍ ነው ብሎ ፍሬቻ አብርቶ ሐሳብ መቀየር፣ መስመር ላይ ተወላውሎ መሄድ ደግነት አይደለም። ሌሎቹ ሹፌሮች ቀጥሎ የምሠራውን መገመት ካልቻሉ አደጋው በኔ ላይ ብቻ አይቀርም። ተራዬ ሲሆን በቆራጥነት እሄዳለሁ፤ ተራዬ ካልሆነ በቆራጥነት እቆማለሁ። በራስ መተማመን የምለው ይህንን ነው፤ ከፍጥነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በክረምት ዝናብ፣ ውሃ መንገዱን ሸፍኖ ጉድጓዱና ክዳኑ የተነሣ ማንሆል በማይለይበት ጊዜ ግን ቆራጥነቴንም እቀንሳለሁ፤ ከፊቴ የሄደው መኪና ጎማው የገባበትን እያየሁ ከመሄድ በቀር ሌላ ብልሃት የለኝም።

ታናሽ ወንድሜ መንጃ ፈቃዱን ከያዘ ቆይቷል፤ መሐል ከተማ ግን ነድቶ አያውቅም። ማታ እራት ላይ የዛሬውን ስነግረው፣ «እቴ፣ እኔማ እንዲህ ከሆነ ባልነዳ ይሻለኛል» አለኝ። ተው አላልኩትም፤ አይዞህ ብዬም በባዶ አላደፋፈርኩትም። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ታክሲው ሳይበዛ፣ አብረን ልንወጣ ተስማማን። መጀመሪያ እኔ እነዳለሁ፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ መኪናዎቹን ትቶ እግረኞቹን ብቻ ይመለከታል፤ ማን ሊሻገር እንደሆነ፣ ማን እንዳላየን፣ ማን ስልክ ላይ እንደሆነ ቀድሞኝ ይነግረኛል። ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር እንደዚያ ሄደን ከተመለስን በኋላ ቁልፉን እሰጠዋለሁ። የቸርችልን ዳገት ግን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይተነዋል።