ከደረጃው ጎን የተሰቀሉ አምስት ላሜራዎች

ከቤቴ ጀርባ ወደ ጣሪያው የሚያወጣ የብረት ደረጃ አለ፤ ዘጠኝ እርከን፣ ተሸካሚው ቱቦላሬ፣ መርገጫው ላሜራ። ከሰባት ዓመት በፊት የቀባሁት ራሴ ነኝ። አንድ ቀለም ቀቢ «ቀዩን አንቲረስት አንድ እጅ፣ ጥቁሩን ሁለት እጅ፣ ከዚያ እርሳው» አለኝ፤ አንቲረስት ዝገት ይከላከላል የሚባለው የመሠረት ቀለም ነው። እንደተባልኩት ቀባሁ፤ እንደተባልኩትም ረሳሁት።

ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ሦስተኛውን እርከን ስረግጥ ከጫማዬ ሥር ደረቅ ቅጠል የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ጥቁሩ ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነስቶ መጣ፤ ቀዩም ተከተለው። ከሥሩ ያገኘሁት በጣት የሚዛቅ ቡናማ ዱቄት ነበር። ገና ያልተነሳው ቀለም ግን አጠገቡ ሆኖ ምንም እንዳልተፈጠረ ያብረቀርቃል።

የምተዳደረው በጥገና ሥራ ነው። ፓምፕና ቧንቧ ስፈታና ስገጥም እውላለሁ፤ ዝገትን አውቀዋለሁ ብዬ እምል ነበር። ስለዚህ ያፈርኩት በቀቢው ሳይሆን በራሴ ነው።

ቀለምን እንደ ዝናብ ልብስ ነበር የማስበው፤ ውሃውን ከከለከለ ብረቱ ይድናል። በኋላ ሳነብ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሜይን የሚባል የካምብሪጅ ተመራማሪ በቀለም ሽፋን ውስጥ የሚያልፈውን ውሃና ኦክስጅን መርምሮ ነበር። ተራ ቀለም የሚያሳልፈው ውሃና ኦክስጅን፣ ራቁቱን የቆመ ብረት ሲዝግ ከሚፈጀው አያንስም። ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለሜ ውሃውን ሲያሳልፍ ነበር የከረመው ማለት ነው።

ታዲያ ቀለም ምን ይሠራል? ይህን የገለጠልኝ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዩሊክ ኢቫንስ ያሳየው የጠብታ ሙከራ ነው፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የነጣ ብረት ላይ አንድ የጨው ውሃ ጠብታ ታስቀምጣላችሁ። በውሃው ውስጥ ሁለት ጠቋሚ ኬሚካሎች ተጨምረዋል፤ ፌኖልፍታሊንና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ይታያል። ጥቂት ቆይቶ የጠብታው መሃል ሰማያዊ፣ ዳሩ ሮዝ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ቡናማ ቀለበት ይሠራል። ሰማያዊው ብረቱ እየሟሟ ያለበት ነው። ሮዙ ኦክስጅንና ውሃ ከብረቱ የመጣውን ኤሌክትሮን የሚቀበሉበት ነው። ቡናማው ደግሞ ዝገቱ ራሱ። ለረጅም ጊዜ አፍጥጬ ያየሁት ይህን ነው፤ ኦክስጅን እንደ ልብ የሚያገኘው ዳሩ ሆኖ ሳለ የሚበላው ግን ኦክስጅን ያጠረው መሃሉ ነው፤ ዝገቱም የሚከመረው ብረቱ ከተበላበት ቦታ ፈንጠር ብሎ ነው። ጠብታዋ ትንሽ ባትሪ ናት። ቀለም ውሃውን ማስቀረት ባይችል እንኳ የጨው አዮኖችን (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችን) ጉዞ ካዘገየ ባትሪዋ ትደክማለች፤ በውስጡ የሚሠራ ዱቄት ካለው ደግሞ ከዚያም በላይ ያደርጋል።

ዱቄት የምለው ፒግመንቱን ነው። ብዙ ሰው ለመልክ ብቻ የተጨመረ ይመስለዋል።

ደረጃውን እንደገና ከመንካቴ በፊት መዳፍ የሚያህሉ አምስት ላሜራዎች ቆረጥኩ፤ እያንዳንዳቸውን በተለያየ መንገድ ቀባኋቸውና በሹል ምስማር እስከ ብረቱ ድረስ የመስቀለኛ ጭረት ጫርኩባቸው። ዝናብ በሚያገኛቸው በኩል ከደረጃው ጎን በሽቦ ሰቀልኳቸው። ዘንድሮ አምስት ዓመት ሞላቸው።

አንደኛው ጥቁር አንጸባራቂ ቀለም ብቻ የተቀባ ነው። ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለም፤ በመጀመሪያው ዓመት አረፋ አወጣ፣ አሁን ጭረቱ የት እንደነበር እንኳ አይለይም።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሥራ የተረፈኝን ቀይ አንቲረስት የተቀባ ነው። ጣሳውን አገላብጬ የደበዘዘውን ጽሑፍ ሳነብ ያገኘሁት ፒግመንት አይረን ኦክሳይድ ብቻ ነበር። አይረን ኦክሳይድ ከዝገት ጋር የሥጋ ዘመድ ነው! እርግጥ መጥፎ ዱቄት አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ ፀሐይ አይለውጠውም፣ ሽፋኑንም ይሞላል። ብረቱ መሟሟት ሲጀምር ግን ጣልቃ አይገባም። በዚህ ላሜራ ላይ ዝገቱ ከጭረቱ ግራና ቀኝ በቀለሙ ሥር አንድ ጣት ያህል ገብቷል።

ቀይ ቀለም ይህን ሁሉ አመኔታ ያገኘው ከሌላ ቀይ ነው። የድሮው የብረት ቀለም ቀይ እርሳስ ነበር፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ማዕድን) ኦክሳይድ በተልባ ዘይት ተለውሶ። የዘይቱ አሲዶች ከእርሳሱ ጋር ተዋህደው ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራሉ፤ እርሱና ከእርሱ የሚወጡት ውህዶች ብረቱ ላይ ስስ መከላከያ ይሠራሉ። በ1937 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ መጀመሪያ የተቀባው በዚህ ነው፤ አርክቴክቱ ኢርቪንግ ሞሮው የድልድዩን ዝነኛ ቀለም የመረጠው የመሠረት ቀለሙን አይቶ ወዶት ነው ይባላል። እርሳስ ግን ሰውን ይመርዛል። ከ1965 ጀምሮ የድልድዩ አሮጌ ቀለም እየተፋቀ በዚንክ ተተካ፤ ሥራው እስከ 1995 ፈጀ። ቀይ እርሳስ ሄደ፤ ቀይ መልኩ ግን በአይረን ኦክሳይድ ጣሳ ውስጥ ቀረ፤ እኛም መልኩን አይተን አመንነው። በነገራችን ላይ ዕድሜው የማይታወቅ ብርቱካንማ ቀለም ያለበት ብረት ካጋጠማችሁ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ አቧራው ነው የሚጎዳው።

ቢጫው ዚንክ ክሮሜትም እንደዚሁ ነው። አውሮፕላኖችን ለአሥርት ዓመታት የጠበቀ ጎበዝ ዱቄት ነው፤ ጥቂት ጥቂት እየሟሟ ብረቱን እንዳይበላ ያደነዝዘዋል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ክሮሚየም ካንሰር የሚያመጣው ዓይነት ነው። እኔ እጄን አላስገባም።

ሦስተኛው ላሜራ ዚንክ ፎስፌት ነው። ዱቄቱ ነጭ ነው፤ አምራቹ በላዩ ላይ የፈለገውን መልክ ይጨምርበታል፤ የእኔው ግራጫ ነበር፤ ቀይም ይሸጣል። ስለዚህ ጣሳ ስትገዙ ክዳኑ ላይ ያለውን መልክ ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። በቀለሙ ውስጥ ሰርጎ የገባው ውሃ ዚንክ ፎስፌቱን እጅግ በዝግታ ያሟሟዋል፤ ፎስፌቱም ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ዝግታው ራሱ በጎ ነው፤ ቶሎ የሚሟሟ ዱቄት ውሃ ወደ ውስጥ ይስብና ቀለሙን ያሳብጠዋል። የዚህ ላሜራ ጭረት ቡናማ ሆኗል፤ ከጭረቱ ዳር ግን ቀለሙን በቢላዋ ጫፍ ላነሳው ሞክሬ አልተነሳም።

አራተኛውን ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት። በዚንክ ዱቄት የታጨቀ ቀለም ነው፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 12944 መሠረት በዚንክ የበለጸገ ለመባል ከደረቀው ቀለም ክብደት ቢያንስ 80 በመቶው ዚንክ መሆን አለበት። ጣሳውን ከፍቼ በብሩሽ ቀዳሁና ቀባሁ፤ ቀጠነብኝ፤ «ጥሩ ነው፣ ይዘረጋል» ብዬ ተደሰትኩ። ስጨርስ ከታች በዱላ ስቆፍር የረጠበ አሸዋ የመሰለ ነገር ተዝቆ አልወጣ አለኝ። ዚንክ ከውሃ ሰባት እጥፍ ይከብዳል፤ ሁሉም ወርዶ ተኝቷል። የቀባሁት ሙጫውን ብቻ ነበር። ላሜራውን ፍቄ፣ ቀለሙን ግማሽ ሰዓት አማስዬ፣ እየቀባሁም በየመሃሉ እያማሰልኩ እንደገና ሠራሁት።

ዛሬ ከአምስቱ የማሳየው ይህን ነው። ጭረቱ ነጭ ነው፤ ነጭ ጨው መሰል ነገር ሞልቶታል፤ ቀይ ዝገት የለበትም። ብረትና ዚንክ ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው ቀድሞ የሚሟሟው ዚንክ ነው፤ ኤሌክትሮኑን ለብረቱ እየሰጠ እርሱ ያልቃል። የሚሠራው ግን ቅንጣቶቹ እርስ በእርሳቸውና ከብረቱ ጋር ሲነካኩ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አምስተኛውን ላሜራ የሰቀልኩት፤ ያው ቀለም፣ ያው ቀን፣ በዛገ ብረት ላይ፣ የሽቦ ብሩሽ ብቻ አስነክቼ። በሦስተኛው ዓመት እንደ ሁለተኛው ላሜራ ሆነ። ዝገቱ በመካከል ቆሞ ዚንኩን ከብረቱ ለይቶታል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም ደረጃው ላይ ተሳሳትኩ። የተበላውን ሦስተኛ እርከን በአዲስ ላሜራ ቀይሬ አዲሱን ዚንክ ቀባሁት፤ ሌሎቹን ስምንቱን አሮጌ እርከኖች በግራይንደር ካጸዳሁ በኋላ ዚንክ ፎስፌት። ከዚያ ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥቁር የዘይት ቀለም ደረብኩባቸው። ስምንቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው በዓመቱ እንደ እባብ ቆዳ ገፈፈ። ዚንክ ሲሟሟ የሚወጣው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ) ነገር የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ሳሙና ደግሞ ብረት ይዞ አይቆምም። ያ በቀይ እርሳስ ሥር ብረቱን ይጠብቅ የነበረው የሳሙና ነገር እዚህ ዞሮ ወጋኝ። በዚንክ ላይ መደረብ የነበረበት ኢፖክሲ ነበር፤ ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክር ቀለም።

ትላልቆቹ ድልድዮች በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት። በ1890 የተከፈተው የስኮትላንዱ ፎርዝ ድልድይ፣ ቀለሙ አንድ ጫፍ ሲደርስ ከሌላው ጫፍ እንደገና ይጀመራል እየተባለ የማያልቅ ሥራ ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። በ2011 እ.ኤ.አ. ያበቃው እድሳት ግን ከሥር ዚንክ፣ ከመካከል የብርጭቆ ስንጣሪ ያለበት ኢፖክሲ፣ ከላይ ፖሊዩረቴን የሚባል ጠንካራ የፕላስቲክ ቀለም ነው። ስንጣሪዎቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይተኛሉ፤ ውሃው በመካከላቸው እየተጠማዘዘ መሄድ አለበት።

ከዱቄቱ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠርዝ። ፈሳሽ ቀለም ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፤ ገጹ ላይ ወፍራም ሆኖ ጠርዙ ላይ እንደ ወረቀት ይሳሳል። የእኔ ደረጃ መጀመሪያ የዛገው በላሜራዎቹ ጠርዝና በብየዳው ጉብታ ላይ ነበር። አሁን ስለቱን በሞረድ አደበዝዘዋለሁ፤ ብየዳውንና ጠርዙን በቀጭን ብሩሽ ለብቻው አንድ እጅ እቀባለሁ፤ ከዚያ ነው ሙሉውን የምቀባው። በማለዳም አልጀምርም፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ላይ ዓይን የማያየው ጤዛ ይኖራል። ሙያተኞች ብረቱ ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲበልጥ ይጠብቃሉ። እኔ መለኪያው ስለሌለኝ ፀሐይ አግኝቶት መዳፌ ላይ ለብ እስኪል እጠብቃለሁ።

ትናንት ሦስተኛውን እርከን እስከ ዚንኩ ድረስ ፍቄዋለሁ። የሳሙናው ቅሪት በሞቀ ውሃና በጠንካራ ብሩሽ ታጥቦ ወጥቷል፤ ዚንኩ ከሥር ግራጫ ሆኖ፣ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ተልጦ፣ ደህና ነው። የተላጠው ቦታ ዛሬ ዚንክ ተቀብቷል። ኢፖክሲው ሁለት ጣሳ ነው፤ ከተቀላቀለ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ብሩሹንና ማማሰያውን አዘጋጅቼ ነገ ፀሐይ ደረጃው ላይ እስክትወጣ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ሦስተኛውን እርከን ከሁለተኛው ወደ አራተኛው በአንድ እርምጃ እዘለዋለሁ፤ እግሬ አሁንም ሊረግጠው ይሄዳል።