ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ እግር

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር። ከመሸ በኋላ ውርጩ ከቤት አያስወጣም። በርኖስ ደርቤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጀርመናዊው ሄልሙት ቫልኻ የተጫወተውን ኦርጋን ስሰማ አመሸሁ።

ይህ በየሰርጉ የምናየው የኤሌክትሪክ ኦርጋን አይደለም፤ የቱቦ ኦርጋን ነው። ድምፁ የሚወጣው ነፋስ በብረትና በእንጨት ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ነው። በትልልቆቹ ኦርጋኖች ላይ ረጅሙ ቱቦ እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፣ ትንሹ ከእርሳስ አይበልጥም። ሞተር ሳይመጣ በፊት ነፋሱን የሚሰጡት ከኋላ ሆነው ወናፍ የሚረግጡ ሰዎች ነበሩ። ተጫዋቹ በእጆቹ ብቻ ሳይሆን በእግሮቹም ይጫወታል።

ቫልኻ እ.ኤ.አ. በ1907 በላይፕሲግ ተወለደ። ከፈንጣጣ ክትባት በኋላ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ገና በወጣትነቱ ጠፋ። ኖታ ማንበብ ስላልቻለ እናቱ፣ በኋላም ባለቤቱ፣ በሙዚቃው ውስጥ አብረው ከሚሄዱት ዜማዎች፣ ማለትም ከድምፆቹ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ይጫወቱለት ነበር። እርሱ አንዱን በቃሉ ይይዛል፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ ከዚያ ሁሉንም በውስጡ ያገጣጥማቸዋል። የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን የኦርጋን ሥራዎች የያዘው በዚህ መንገድ ነው።

በልጅነቴ የማውቃቸው ዓይነ ስውር የኔታ ትዝ አሉኝ። ድጓውን በቃላቸው ይዘው፣ ተማሪው ዜማ ሲስት ከተቀመጡበት ያርሙት ነበር። ሰዎች ዓይን ሲጠፋ ጆሮ ይሰላል ይላሉ። እኔ ግን ይህ አነጋገር የሰዎቹን ልፋት የሚሰርቅ ይመስለኛል። የኔታም ሆኑ ቫልኻ ያን ሁሉ ያገኙት ዓመት ከዓመት ደጋግመው በማጥናት ነው።

ዛሬ የሰማሁት የባኽ አራተኛው ትሪዮ ሶናታ ነው፤ ቫልኻ እ.ኤ.አ. በ1956 በሆላንድ፣ በአልክማር ከተማ ቅዱስ ላውረንስ ቤተ ክርስቲያን ተጫውቶ ያስቀዳው። ባኽ ስድስቱን ሶናታዎች ያዘጋጃቸው ለበኩር ልጁ መለማመጃ እንደሆነ ይነገራል። ሦስት ድምፅ ብቻ አላቸው፦ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ እግር። በማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ሲቀባበሉ አንዱ ወገን ያዜማል፣ ሌላው ይጠብቃል። እዚህ ግን አንዱ እጅ ዜማውን ሲቀበል ሌላው አያርፍም፤ አዲስ ነገር ይዞ ይቀጥላል። እግሩም ከሥር የራሱን መንገድ ይሄዳል። ሁሉም አንድ ዜማ አብሮ ሲያዜም እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ ከባድ ነው።

ስለዚህ እንደ ቫልኻ አጠናን አንድ ድምፅ ብቻ ለመከተል ሞከርኩ። በዝግታ የሚሄደውን መካከለኛውን ክፍል መርጬ ከእግሩ ጀመርኩ። ለካ ያ ከሥር የሚያጉረመርመው ድምፅ ለብቻው ቢዜም የሚያምር ነው! እጆቹ የሚያደርጉትን ሁሉ ተሸክሞ፣ ሳይቸኩል ይራመዳል። ቀኝ እጁንም እስከ መጨረሻው ተከተልኩት።

ግራ እጁ ግን ገና ነው። ቀኙ ከፍ ባለ ቁጥር ጆሮዬ ጥሎት ይሄዳል። ነገ ማታ ከእርሱ እጀምራለሁ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ለመስማት አልቸኩልም።