ሮንድ አድሬ

ትናንት ሌሊት የሮንድ ተራዬ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ጥቅምት 23፣ 2014 ዓ.ም. ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ የኛ ሰፈር አባወራ በየተራ ያድራል። ዱላ ስለሌለኝ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ ጋሼ አይተውኝ «ልትጠብቅ ነው ልትጠርግ?» አሉ። የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰረስራል። ሌባም ጠላትም አላየንም፣ ውሻ ብቻ።

11 ሰዓት ገብቼ ትንሽ አሸለብኩ። ከዚያ ፒያሳ፣ ልብስ ስፌቴ። የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ እንደገና።

ማታ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። 10ኛ ክፍል ናት። ተማሪው ሰብል እንዲሰበስብ ተብሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተዋል። «አባ፣ ማጭድ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለችኝ። እኔስ መች አውቄ! ተወልጄ ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። በመቀሴ አሳየኋት። እናቷ በሳቅ ፈረሰች።

ሳቁ ብዙም አልቆየ። ደሴ ያለችው እህቴ ስልኳ ዛሬም አይሠራም። ከተማዋ ሰኞ ዕለት ወደ መንግሥት እጅ ተመልሳለች ተብሏል። ልጄ በየግማሽ ሰዓቱ ትደውላለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ስፒከር ላይ አድርጋዋለች፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ ያንኑ ቃል ትደግማለች።