ሴንሰሩ ይመልሳል፣ ምስሉ ግን የለም

አዲስ ቦርድ መጥቶልን ካሜራውን እናስነሳ ስንል የገጠመን ነው። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚያነሳው ቺፕ) የሶኒ አይኤምኤክስ219 ነው፣ ያው የራስበሪ ፓይ ሁለተኛው ካሜራ ላይ ያለው፣ ድራይቨሩ (ሴንሰሩን የሚያዘው ሶፍትዌር) ሊኑክስ ውስጥ ድሮ ገብቶ ያለቀ ስለሆነ ምንም አያስቸግርም ብለን ነበር። ድራይቨሩ ተነሳ፣ በአይቱሲ (ትእዛዝ በሚሄድበት መስመር) ሴንሰሩን ጠይቆ 0219 የሚለውን መታወቂያ አነበበ፣ ስትሪም ጀምር ሲባል ግን ጭጭ። አንድ ፍሬም እንኳን ጠብ አይልም።

ድራይቨር ላይ የሚሰራው ልጅ ወዲያው ኮዱን መጎርጎር ጀመረ፣ ሬጅስተር ይቀይራል፣ ዲሌይ ይጨምራል፣ ከርነል ኮምፓይል ያደርጋል፣ ደግሞ እንደገና። አንተ፣ መታወቂያው ከተነበበ እኮ ፓወሩም 24 ሜጋኸርዝ ክሎኩም ሪሴቱም ደህና ነው፣ ምስሉ የሚያልፍበትን የሲኤስአይ መስመር እንይ ብለው ማን ሰምቶኝ። በኋላ የሪሲቨሩን (በቦርዱ በኩል ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል) ስህተት ቆጣሪ ስናየው የኢሲሲ (ሄደሩ በትክክል መድረሱን የሚያጣራው ኮድ) ስህተት ብቻ ይጨምራል፣ ማለት ሲግናሉ እየደረሰ ነው፣ የፓኬቱ ሄደር (ምን ዳታ እንደሚከተል የሚናገረው መግቢያው) ግን ተዘበራርቋል።

ዲቫይስ ትሪውን፣ ቦርዱ ላይ ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ ለሊኑክስ የሚነግረውን ፋይል፣ ከፈትኩት። ከሌላ ቦርድ ኮፒ ተደርጎ የመጣ ነው፣ ዳታ-ሌንስ (data-lanes፣ የሌኖቹ ማለትም ዳታ የሚያልፍባቸው የሽቦ ጥንዶች ተራ) የሚለው ቦታ በሴንሰሩም በሪሲቨሩም ኤንድፖይንት (ጫፍ) 1 2 ይላል። ላይአውቱን (የቦርዱን የሽቦ አዘረጋግ) የሰራችው ልጅ ጋ ሄድኩ።

«ስሚማ፣ የካሜራው ሌኖች ቀጥ ብለው ነው እንዴ የሚሄዱት?»

«ኧረ አቀያይሬያቸዋለሁ፣ ቪያ (ሽቦውን ከአንዱ የቦርድ ንጣፍ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቀዳዳ) እንዳይበዛብኝ ብዬ። ስኬማቲኩ (የሰርኪውቱ ንድፍ) ላይ አለ እኮ፣ መቼ ከፍታችሁት ታውቃላችሁና!»

እውነቷን ነው። ሲኤስአይ-2 ላይ ባይቶቹ ለሌኖቹ ተራ በተራ ነው የሚታደሉት፣ አንዱ በዚህ ቀጣዩ በዚያ፣ ስለዚህ ሌኖቹ ሲቀያየሩ ሄደሩ ራሱ ከመጀመሪያው ባይት ይገለባበጣል። የኛ ሪሲቨር መልሶ መደርደር ይችላል፣ ግን ካልነገሩት ከየት ያውቃል? በሪሲቨሩ በኩል 2 1 አልነው፣ የሴንሰሩን በኩል 1 2 እንዳለ ተውነው ምክንያቱም ሴንሰሩ ሌን ማቀያየር አይችልም። የአንድ ሌን ፒ እና ኤን ሽቦ (የጥንዱ ሁለት ሽቦዎች) ተገልብጦ ቢሆን ደግሞ ሌን-ፖላሪቲስ የሚባል ሌላ መስመር አለው። እኔን የሚገርመኝ ብዙ ሰው ዲቫይስ ትሪን የድራይቨር ሴቲንግ አድርጎ ነው የሚያየው፣ እዚያ የሚጻፈው እኮ ቦርዱ ላይ የተዘረጋው ሽቦ ነው፣ ሌላ ሰው ቦርድ ላይ ያለው ሽቦ ደግሞ ለኛ ምናችንም አይደለም።

ምስሉ መጣ፣ አረንጓዴ ሆኖ። ልጁ እንደገና ድራይቨሩን ሊከፍት ሲል ያዝኩት፣ ጥሬ ባየር (ገና ያልተቀናበረ የሴንሰር ዳታ) ነው፣ ዋይት ባላንስ (ቀለሞቹን ማመጣጠን) ስላልተሰራለት ነው እንጂ ምንም አልሆነም። የጨመራቸውን ዲሌዮች በሙሉ አስወጣን፣ ድራይቨሩ እንደነበረ ቀረ።

ቀጣዩ የቦርድ ቨርዥን ሊታተም ሲል ልጅቷ ራሷ ደወለች፣ «ሌኖቹን አቅንቻቸዋለሁ፣ ለአዲሱ የራሱን ፋይል አውጡለት፣ የድሮውን እንዳትነኩት»። አሁን ሁለት ፋይል አለን፣ አንዱ 2 1 ሌላው 1 2።