ከኋላ ዴስክ ያሉትን ልጆች ያገኘሁበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንዱ ክፍሌ 68 ተማሪ አለው። ለብዙ ዓመት ትምህርቴ ገብቷል አልገባም የምለው እጅ የሚያወጡትን አይቼ ነበር። እነሱ ከመለሱ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ፈተና ሳርም ግን ግማሹ ክፍል ወረቀቱን ባዶ ይመልስልኛል። አንድ ቀን ቆጠርኳቸው፤ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ ያው ዘጠኝ ልጆች ናቸው።

አንድ ባልደረባዬን ከኋላ ተቀምጦ፣ ከጠየቅሁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምጠብቅ ሰዓት እንዲይዝልኝ ለመንኩት። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያገኘችው ይህንኑ ነው፦ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይጠብቃሉ፤ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ የሚመልሱትም ይበዛሉ። እኔ አሁን በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዝምታው በጣም ከብዶኝ ነበር። ሳላስበው ጥያቄውን ራሴው እመልሰው ነበር።

ቀጥሎ የካርቶን ሰሌዳ ሠራን። ከሱቅ የለመንኩትን ካርቶን ቆራርጠን ጥቁር ቀለም ቀባነው፤ ለ23ቱ ዴስክ አንዳንድ ደረሰ። ለአንድ ሰሌዳ ግማሽ ጠመኔና ቁራጭ ጨርቅ በቂ ነው። በየጥያቄው ጠመኔ የሚይዘው ልጅ ይቀያየራል። «የካሬ ጎን እጥፍ ቢሆን ስፋቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ። «አንሡ!» ስል 17 ሰሌዳ ላይ «2» ተጽፏል። ከእነዚያ ዘጠኝ ልጆች የአብዛኞቹም ሰሌዳ እንደዚያው ነበር። ያን ቀን ምን ያህል ዓመት ሳላይ እንዳስተማርኩ ገባኝና አዘንኩ። ስህተቱን አላረምኩም፤ «ሥዕሉን ሥሩት» ብቻ አልኩ። አራቱን ትናንሽ ካሬዎች ራሳቸው ቆጠሩ።

ያልተሳካልኝም አለ። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ ጣሳ ውስጥ ከትቼ በዕጣ መጥራት ጀመርኩ። አንዲት ልጅ ስሟ ሲወጣ ተነሥታ ቆመች፣ ቃል አልወጣትም፣ አለቀሰች፤ በማግስቱ ቀረች። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሳታስብበት፣ ከማንም ሳትማከር በ67 ልጅ ፊት አቁሜያታለሁ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ከዴስክ ጓደኛቸው ጋር ይነጋገራሉ፣ ዕጣው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ቲቸር፣ ዛሬ ይለፈኝ» ማለትም ተፈቅዷል። ብዙ የሚያልፉ ይመስለኝ ነበር፤ ጥቂት ናቸው።

አንድ ለአምስቱን ቡድን የምናውቀው ነው፦ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። መፍትሔውን ከአባቴ ነው ያገኘሁት። እሳቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። የኔታ የሰጡትን ትምህርት አስቀጻዩ፣ ማለትም በትምህርት የቀደመው ተማሪ፣ ለታናናሾቹ እንዴት ደግሞ እንደሚያስይዝ ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን አስቀጻይ የማደርገው ጎበዙን አይደለም፤ ትናንት ተሳስቶ ዛሬ የገባውን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እንቅፋቱ የት ቦታ እንዳለ ያውቃል፤ እኔ ከረሳሁት ቆይቻለሁ።

ከሁሉ የበለጠ የያዛቸው ግን የፋሲል ግቢ ነው። ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ የግንብ አጥሩ 900 ሜትር እንደሚረዝም ይጻፋል፤ ስፋቱ ደግሞ 70,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው ይባላል። ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «አብረው ይሄዳሉ?» አልኩ። ለየቡድኑ የ36 ሴንቲ ሜትር ክርና በሴንቲ ሜትር ሳጥን የተሰመረ ወረቀት ሰጠሁ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር 25 ሜትር ነው። 70,000 ለመድረስ ክሩ 112 ሳጥን ማቀፍ አለበት። ስድስት በአሥራ ሁለት 72 ሆነ። ካሬው 81 ሆነ። ክብ አድርገው ሲያሰፉት 103 ገደማ ላይ ቆመ። በቀመርም አሰላነው፤ የ900 ሜትር አጥር የቱንም ቅርጽ ቢይዝ ከ64,500 ካሬ ሜትር በላይ አያቅፍም። ክፍሉ ተናወጠ። ከኋላ ዴስክ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ፣ ዕጣም ሳይጠብቅ ተነሣ፦ «ቲቸር፣ ታዲያ የተሳሳተው የትኛው ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ይዘን ፒያሳ ተገናኘን። የመጡት 41 ናቸው፤ ማንንም አላስገደድኩም። አጥሩን በቡድን ተከፋፍለው ለኩ፣ ድምራቸውም አልተስማማም። ሰኞ ክርክሩ ረጅም ነበር። የአንዱ ቡድን ሲባጎ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ሌላው ቡድን መታጠፊያው ላይ በአቋራጭ ለክቷል። የአማካይን ትምህርት ያን ቀን ልጀምር አላሰብኩም ነበር፤ ግን «የማንን ቁጥር እንያዝ?» ሲሉኝ እዚያው ጀመርነው። ሲባጎውን በጠፍር ቀይረናል። ልጆቹ አሁን የግንቡን ቁመት በጥላው እንለካ እያሉኝ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ፀሐይ ያለበትን ሰዓት እየመዘገቡ ናቸው።